እረኛው በኦርኬስትራ ፊት፦ «እረኛው ባለዋሽንት»ን እንዴት እናድምጥ?

በመዘምራን ኅብረት ያገለገላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ሠላሳ ሰው በአንድነት ሲዘምር ይቆይና ሁሉም ዝም ይላል፤ አንዲት እኅት ማይክሮፎን ተቀብላ ብቻዋን ትጀምራለች። ድምፅዋ ከሠላሳው ድምፅ እጅግ ያነሰ ነው። ጉባኤው ጆሮውን የሚያቀናው ግን በዚያን ጊዜ ነው። ጥቂት ስንኝ ካዜመች በኋላ መዘምራኑ አዝማቹን ይዘው ይመለሳሉ፤ እርስዋም ወይ ከእነርሱ ጋር ትቀላቀላለች ወይ ከላያቸው የራስዋን ታዜማለች። እኛ ይህን «ሶሎ» ብለን እናልፈዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸው ነገር ቃል በሌለው ሙዚቃ ውስጥ ምን እንደሚመስል ነው። ስሙ ኮንቸርቶ ይባላል። ከአገራችን ደግሞ አንድ ሥራ እንወስዳለን፤ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደን «እረኛው ባለዋሽንት»። ስሙን የሰማን ብዙዎች ነን፤ ቁጭ ብለን ያደመጥነው ግን ጥቂቶች እንደ ሆንን እገምታለሁ። «ቃል የሌለው ሙዚቃ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ወገን ቢኖር አይገርመኝም። ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንቸርቶ ምንድን ነው?

ቃሉ ጣልያንኛ ነው። ነገሩ በአጭሩ ሲገለጽ አንድ መሣሪያ (ቫዮሊን፣ ፒያኖ፣ ፍሉት፣ ጊታር ወይም ሌላ) በብዙ መሣሪያዎች ፊት ቆሞ ከእነርሱ ጋር የሚነጋገርበት የሙዚቃ ሥራ ማለት ነው። አንዱ ይናገራል፣ ብዙዎቹ ይመልሳሉ፤ አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴ ይከራከራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፤ ፈጣን፣ ዝግተኛ፣ እንደገና ፈጣን። በመካከል ኦርኬስትራው ፈጽሞ ጸጥ ብሎ ብቸኛው ብቻውን የሚጫወትበት ስፍራ ይኖራል፤ ካዴንዛ ይሉታል።

ብዙዎች ይህ ነገር ከቤተ መንግሥት አዳራሽ የመጣ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቃሉ በታተመ የሙዚቃ መጽሐፍ ርእስ ላይ ቀድሞ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቬኒስ ከተማ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሰገነት ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙ መዘምራን ነበሩ፤ አንዱ ወገን ሲጀምር ሌላው ይመልስለታል። በዚያ ያገለገሉት አንድሬያ ጋብሪኤሊና የወንድሙ ልጅ ጆቫኒ የጻፏቸው ዜማዎች በ1587 ሲታተሙ «ኮንቸርቲ» ተባሉ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በዚያው በቬኒስ አንቶኒዮ ቪቫልዲ የሚባል ቄስ ተነሣ። ይህ ሰው በአንድ የወላጅ አልባ ልጃገረዶች ማሳደጊያ ቫዮሊን ያስተምር ነበር። ወደ 500 የሚጠጉ ኮንቸርቶዎችን ጽፏል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን እነዚያ ወላጅ የሌላቸው ልጆች እንዲጫወቷቸው ነው የጻፋቸው።

በቪቫልዲ ኮንቸርቶ ውስጥ ኦርኬስትራው ደጋግሞ ይዞት የሚመለሰው ዜማ አለ። በጣልያንኛ «ሪቶርኔሎ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ትንሹ ተመላሽ» እንደ ማለት ነው። እኛ ለዚህ ቃል መፈለግ አያስፈልገንም፤ አዝማች ነው! የኮንቸርቶ ተማሪ በመጽሐፍ የሚያጠናውን የእኛ መዘምራን በየሳምንቱ ይሠሩታል። ሉተራዊው የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ዮሐን ሴባስትያን ባህም ጽሑፎቹን «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» በሚል ፊደል እየፈረመ የሚጨርስ ሰው እንደ ነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል። እርሱም ቢሆን ወጣት ሳለ የቪቫልዲን ኮንቸርቶዎች ለኦርጋንና ለሐርፕሲኮርድ እየገለበጠ ነበር የተማራቸው።

እረኛው ከየት መጣ?

የአሸናፊ ሥራ እረኛው የየትኛው አውራጃ ልጅ እንደ ሆነ አይነግረንም። እኔ ግን ስለዚህ ሙዚቃ ሳስብ ዓይኔ ወደ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይሄዳል። ምክንያት አለኝ። ኮንቸርቶ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚናገር አንድ ድምፅና ሥርዓት ያለው የብዙዎች ድምፅ። በዚያ አገር ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን በአንድ መድረክ አይገናኙም።

አገሩን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ ጉና ተራራ በስተቀኝ ይቀራል፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀጥሎ የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ናት። (የትንፋሽ መሣሪያ ለሚነፋ ሰው ከዚህ የተሻለ የከተማ ስም አይገኝም!) ከዚያ ወደ ደቡብ አርብ ገበያን የያዘችው ታች ጋይንትና ወገዳን የያዘችው ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከጉና በስተደቡብ ደግሞ እስቴ አለች፤ ከተማዋ መካነ ኢየሱስ ትባላለች። በመካከላችን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን የሆናችሁ አትደሰቱ፤ ስሙ ገጠመ እንጂ ከተማዋ ስምዋን ያገኘችው ከእናንተ አይደለም።

በዚህ ደጋና ቆላ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከንጋት እስከ ምሽት ብቻውን ነው፤ ጓደኛው ዋሽንት ነው። ዋሽንት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል፤ ዛሬ ዛሬ ከብረትና ከፕላስቲክ ቱቦም ይሠሩታል። አብዛኛውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳ አለው። አራት ቀዳዳ ሁሉም ሲደፈኑ የሚወጣውን ድምፅ ጨምሮ አምስት ድምፅ ይሰጣል፤ ጠንከር አድርገው ሲነፉት ደግሞ እነዚያው ድምፆች ከፍ ብለው ይወጣሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸውና መሣሪያውና ቅኝቱ ይስማማሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ዋሽንት እንደ ክራር ጅማቱ ተጠምዝዞ አይቃኝም። ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ ጎበዝ ዋሽንተኛ አንድ ዋሽንት ብቻ አይዝም፤ አጭርም ረጅምም፣ ለየቅኝቱና ለየዘፋኙ ድምፅ የሚሆን በርካታ ይይዛል። ሠሪውም ቀዳዳውን የሚበሳው በጆሮውና በልማዱ እንጂ በፒያኖ መለኪያ አይደለም። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር ኋላ ትልቅ ጣጣ ታመጣለች።

የብዙዎቹን ድምፅ ደግሞ እንመልከት። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የመጡ የቆሎ ተማሪዎች የቅዱስ ያሬድ የሚባለውን ዜማ ዓመታት ተምረው ምስክር የሚሆኑት እዚያ ነው። ዙር አባም በዚያው በጋይንት የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት ማዕከል ነው። በእስቴ ቆማ አለች፤ የራስዋ የዜማ ስልት በስምዋ የሚጠራላት። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግራው ለቀኙ ቀኙም ለግራው ይመልሳል። እኛ ወንጌላውያን ከዚህ ማኅሌት ጋር ያለን ልዩነት የታወቀ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ቬኒስ ላይ በሁለት ሰገነት ከቆሙት መዘምራን ጋር አስተያዩት። «ኮንቸርቶ የፈረንጅ ነገር ነው» የምንለውን ሥርዓት የጋይንት ደብተራ አንድም የውጭ ኖታ ሳያይ ያውቀዋል። የእኛም ቋንቋ «መሪ» እና «ተቀባይ» የሚሉ ቃላትን ከዚያ ይዟል።

እንግዲህ ማኅሌቱ በቤተ መቅደስ፣ ዋሽንቱ በመስክ ነው የሚኖረው። እረኛውን ከመስክ አንሥቶ በብዙዎች ፊት ለማቆም አንድ ሰው አስፈለገ።

አሸናፊ ከበደ

አሸናፊ ከበደ በ1938 በአዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1960ዎቹ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በዚያው በዜማው አባት ስም መሆኑን አስተውሉ፤ ውስጡ የገባው ግን ፒያኖና ቫዮሊን ጭምር ነው። በ1967 ወደ ሃንጋሪ ተጉዘው የዚያን አገር ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ ሥራዎቻቸውን አስቀረጹ። የሃንጋሪ ጋዜጦችም «ጥቁሩ ኮዳይ» አሏቸው። በኋላ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፤ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥር የሚያወሳ መጽሐፍ በ1982 አሳተሙ። በ1998 በዚያው በአሜሪካ አረፉ።

«ጥቁሩ ኮዳይ» የሚለውን በዋዛ አንለፈው። ዞልታን ኮዳይና ጓደኛው ቤላ ባርቶክ ከ1905 ገደማ ጀምሮ የኤዲሰንን የድምፅ መቅረጫ ተሸክመው የሃንጋሪን ገጠር ዞሩ። ገበሬዎችና እረኞች የሚያዜሙትን በሰም ጥቅልል ላይ ቀረጹ፤ በኖታ ጻፉ፤ ከዚያም በዚያ ዜማ መንፈስ ለኦርኬስትራ ጻፉ። ከዚያ በፊት የሃንጋሪ ከተሜ የገጠሩን ዜማ ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ኮዳይ በ1923 ያቀረበው ትልቁ ሥራው ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረ አንድ ሃንጋሪያዊ ሰባኪ መዝሙር 55ን በግጥም ያዘጋጀበትን ቃል የያዘ ነው፤ አንድ ወንድ ብቻውን ይጮኻል፣ መዘምራንና ኦርኬስትራ ይከቡታል። ኮዳይ ያረፈው በመጋቢት 1967 ነበር። ስለዚህ የሃንጋሪ ሰዎች ለአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ይህን ስም ሲሰጡ፣ ወደ ገጠር ሄዶ ጆሮውን የሰጠ ሰው ነው ማለታቸው ነበር።

«እረኛው ባለዋሽንት» ኮንቸርቶ የሚል ስም የለውም፤ እንደ ትልልቆቹ ኮንቸርቶዎች ግማሽ ሰዓት የሚፈጅም አይደለም። አሳቡ ግን ያው ነው። አንድ የትንፋሽ ድምፅ በፊት፣ ባለ አውታሮቹ በኋላ። አንዱ ልጅ፣ አገሩ በሙሉ።

ዋሽንቱ የት ሄደ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በዚህ ሥራ ውስጥ እረኛውን ወክሎ የሚናገረው ዋሽንት አይደለም፤ ፍሉት ነው። የአውሮፓው ፍሉት በ19ኛው መቶ ዘመን ቴዎባልድ ቦም የሚባል ጀርመናዊ እንደገና የሠራው፣ ብዙ ቁልፎች ያሉት የብረት መሣሪያ ነው። ታዲያ እረኛው ወደ መድረክ ሲወጣ ዋሽንቱን በር ላይ ጥሎ ነው የገባው ማለት ነው?

አሸናፊን ለመውቀስ አንቸኩል። ምክንያቱ ቀደም ሲል ያልነው ነው። ዋሽንት የሚሰጠው አምስት ድምፅ ነው፣ እነርሱም ከኦርኬስትራው ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ስልሳ ሰው ከአንድ ዋሽንት ጋር እንዲቃኝ ማድረግ ከባድ ነው። ዋሽንተኛውም በተለምዶ ኖታ አያነብም፤ ዜማውን ሲደግመው እንደ ስሜቱ ይለውጠዋል፤ ኦርኬስትራው ደግሞ በወረቀት ታስሯል። ፍሉት ሲሆን ግን ቡዳፔስትም ሆነ ቶኪዮ ያለ ማንኛውም ሙዚቀኛ ወረቀቱን አንሥቶ ይጫወተዋል። ሥራው ከአገር ወጥቶ እንዲሄድ ያስቻለው ይኸው ነው።

የቀረው ነገር ግን አለ። ዋሽንት ሲነፋ ከድምፁ ጋር ትንፋሹ ይሰማል፤ ሽው የሚል ነገር አለው። አንዳንዱ ድምፅ በፒያኖ ሁለት ቁልፎች መካከል ያርፋል፤ በተለይ በአንቺ ሆዬ ቅኝት። ፍሉት ይህን ሊያስመስል ይችላል፣ ጥሩ ነፊ ከሆነ። ማስመሰልና መሆን ግን አንድ አይደሉም።

በዚያው በ1967 አንድ ጃፓናዊ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ መለሰው። ቶሩ ታኬሚትሱ ይባላል። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ 125ኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ ሥራ እንዲጽፍለት ጠየቀው፤ እርሱም «የኅዳር እርምጃዎች» ብሎ የሰየመውን ሥራ ለሁለት የጃፓን ባህላዊ መሣሪያዎችና ለኦርኬስትራ ጻፈ። ከሁለቱ አንዱ ሻኩሃቺ ነው፤ ከቀርከሃ የሚሠራ፣ ከጫፉ የሚነፋ፣ አምስት ቀዳዳ ያለው ዋሽንት! በኅዳር ወር ሴጂ ኦዛዋ እየመራ ኒው ዮርክ ላይ ቀረበ። ታኬሚትሱ ሻኩሃቺውን በፍሉት አልለወጠውም። ከኦርኬስትራው ጋር ሊያስማማውም ብዙ አልደከመም። ኦርኬስትራው ይናገርና ያቆማል፤ ከዚያ ሁለቱ መሣሪያዎች ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ ኦርኬስትራው ቁጭ ብሎ ይሰማል። የተለያዩ መሆናቸውን አልደበቀም፤ ሥራውም የቆመው በዚያ ልዩነት ላይ ነው።

በሦስተኛ መንገድ የሄዱም በአገራችን ነበሩ። በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብህ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። የፈረንጅ መሣሪያ የለበትም፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ባለ ማሲንቆ፣ ባለ ክራር፣ ባለ ዋሽንት፣ ባለ በገናና ባለ ከበሮ አንድ ላይ ተቀመጡ። እነዚህ መሣሪያዎች በተለምዶ ብቻቸውን ወይም ጥቂት ሆነው የሚጫወቱ ናቸው፤ በአንድነት ማቃናቱ ራሱ ሥራ ነበር። ቡድኑ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ብዙ ሠራ፤ በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም በአሜሪካ ዞሮ አሳየ። ቀረጻቸው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ውስጥ 23ኛ ሆኖ ወጥቷልና ዛሬም ይገኛል። በዚህ መንገድ ዋሽንቱ ዋሽንት ሆኖ ቀረ። የቫዮሊኖቹ ስፋት ግን የለም።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? እኔ እንደሚመስለኝ የአሸናፊ መንገድ ለጊዜው ተገቢ ነበረ፤ ግማሽ መንገድ ግን ነው። ለዋሽንት ራሱ የታኬሚትሱን ድፍረት ይዞ የሚጽፍለት ኢትዮጵያዊ ቢነሣ እጅግ ደስ ይለኛል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በ2014 ባወጣው «ላቭ ኤንድ ፒስ» በተባለው አልበሙ ስለዚሁ ባለ ዋሽንት እረኛ የተሰየመ ቁራጭ አለ፤ እርሱ ደግሞ እረኛውንም መስኩንም በዐሥር ጣቶቹ ይዞታል። እረኛው ከደራሲዎቻችን አልጠፋም ማለት ነው።

ለደካማው ድምፅ ስፍራ ማስለቀቅ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛም ለመዘምራን ይጠቅማል። ዋሽንት ትንሽ ድምፅ ነው። በስልሳ መሣሪያ ፊት እንዴት ይሰማል? ይህ የዋሽንት ብቻ ችግር አይደለም። ስፔናዊው ዮኣኪን ሮድሪጎ፣ ከሕፃንነቱ ዓይነ ስውር የነበረ ሰው፣ በ1939 ለጊታርና ለኦርኬስትራ ኮንቸርቶ ጻፈ፤ «ኮንቺየርቶ ደ አራንኹዌዝ» ይባላል። ጊታር ያለ ማጉያ ከቫዮሊኖች ጋር አይወዳደርም። ሮድሪጎ ምን አደረገ? ጊታሩ በሚናገርበት ጊዜ ኦርኬስትራውን አሳሳ። ጥቂት መሣሪያ ብቻ ይቀራል፣ እርሱም በለሆሳስ። ሙሉው ኃይል የሚወጣው ጊታሩ ዝም ሲል ነው። በዝግተኛው ክፍል መጀመሪያ ጊታሩ ኮርድ ብቻ ይመታል፤ ዜማውን የያዘው ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ከዚያ ጊታሩ ያንኑ ዜማ ሲቀበል አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል።

ይህን ከእኛ አገልግሎት ጋር አስተያዩት፤ እኅታችን ሶሎዋን ስትጀምር ኪቦርዱ፣ ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ሳይቀንሱ ይቀጥላሉ። የሚደረገው መፍትሔ ማይክሮፎኗን መጨመር ብቻ ነው። ከዚያ ኪቦርዱም ይጨመራል። ቪቫልዲ ይህን በ1700ዎቹ ያለ ማይክሮፎን ፈትቶት ነበር፤ ብዙዎቹ ዝም ይበሉ፣ አለቀ።

ዋሽንትም ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በኪቦርድ ውስጥ እንደ አንድ ቁልፍ። ቁልፉን ሲጫኑት የዋሽንት የሚመስል ድምፅ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ግን በፒያኖ ልክ ተስተካክሎ የተቀመጠ ነው። ነፊ የለበትም፣ ትንፋሽም የለበትም። በአንጻሩ ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት የመጣ፣ ዋሽንት እየነፋ ያደገ ወጣት ወደ መዘምራኑ ልምምድ ቢመጣ የሚሰማው መልስ ምናልባት «ከቶኑ ጋር አይሄድም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አይሄድም። ነገር ግን ማን ወደ ማን ይምጣ? ዋሽንት እንደማይቃኝ ተናግረናል። ኪቦርድ ግን ይቃኛል! የድምፁን ልክ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ቶኑንም የሚያዛውር ማስተካከያ አብዛኛው ኪቦርድ ላይ አለ። ልጁ ዋሽንቱን ይንፋ፣ ኪቦርዲስቱ ሰምቶ ይከተለው። ዋሽንተኛው ሁለት ሦስት ዋሽንት ካለው ደግሞ ለመዝሙሩ የሚስማማውን ይምረጥ። ያም ካልሆነ ኪቦርዱ ለዚያች ጥቂት ስንኝ ዝም ይበል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ ሊያስተምር የፈለገው ስለ ሙዚቃ ባይሆንም፣ ምሳሌው ዋሽንትና ክራር ነው። የድምፃቸው ልዩነት ካልታወቀ የሚነፋው ምን እንደ ሆነ ማን ያውቃል ይላል አሳቡ። ምሳሌው የሚሠራው ዋሽንት ዋሽንት፣ ክራርም ክራር ሆኖ ሲሰማ ብቻ ነው።

እንዴት እናድምጥ?

ቃል ላለው መዝሙር የለመደ ጆሮ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ሲሰማ ቶሎ ይሰለቻል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ልምምድ ነው። «እረኛው ባለዋሽንት»ን አግኝታችሁ ስትከፍቱ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ አትስሙት፤ ስልኩን አስቀምጡት። በመጀመሪያው ጊዜ ፍሉቱን ብቻ ተከተሉ። የት ይተነፍሳል? ዜማውን ሲደግመው ያው ነው ወይስ ይለወጣል? በሁለተኛው ጊዜ ፍሉቱን ተዉትና ከኋላ ያሉትን ስሙ፤ ይመልሱለታል፣ ይከተሉታል፣ ወይስ ቆመው ይጠብቁታል? እነርሱ ሲያሳሱ እርሱ ምን ያደርጋል? መዘምር የሆነ ሰው በዚህ በሁለተኛው ላይ ብዙ ይማራል፤ ተቀባይ መሆን ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ የሚታየው እዚያ ነውና።

ከዚያ ወዲያው ከ«ኢትዮፒክስ» 23ኛ ላይ ዋሽንት ያለበትን አንዱን ስሙ። ልዩነቱን ለማወቅ ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም። በመጨረሻም የታኬሚትሱን «የኅዳር እርምጃዎች» ሞክሩ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ለብዙዎቻችን ጆሮ ከባድ ነው፤ አዝማችም የለው፣ የሚያንጎራጉሩትም ነገር የለው። ሆኖም ሻኩሃቺው ብቻውን ወደ ቀረበት ስፍራ ስትደርሱ ትንፋሹን ትሰሙታላችሁ። የጋይንት ሰው ቢሰማው «ይህ የማን አገር እረኛ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።